የሀዋሳ መንጃ ፈቃድና የውጭ አገር መንገድ

ሀዋሳ ላይ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ውጭ የሄደ ሰው በዚያው ካርድ እስከ መቼ ይነዳል? ለጥቂት ወራት ምናልባት። ኑሮውን እዚያ ከመሠረተ በኋላ ግን አይነዳም። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው አገሮች ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያን ፈቃድ ተቀብለው በራሳቸው ካርድ ዝም ብለው አይለውጡም። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ የመንገድ ፈተና አለ፣ አንዳንዱ ጋ የግዴታ ትምህርትም አለ። ይህን የሰማ ብዙ ሰው የሀዋሳውን ፈቃድ መሳቢያ ውስጥ ጥሎ እንደ ጀማሪ ይመዘገባል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ካርዱ ባይለወጥም የነዳችሁበት ዓመት በብዙ ቦታ ይቆጠራል። የትምህርት ሰዓት ያስቀንሳል፣ የጥበቃ ወራት ያሳጥራል፣ ገንዘብም ያድናል። የሚቆጠረው ግን በወረቀት ሲረጋገጥ ነው፣ የወረቀቱ መነሻ ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ ነው።

ለምን አይለውጡም? አገሮች ፈቃድ የሚለዋወጡት ሥልጠናውንና ፈተናውን አይተው ከተቀበሉት አገር ጋር ነው። ዱባይም፣ ጀርመንም፣ እንግሊዝም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ኢትዮጵያ በሦስቱም ዝርዝር ውስጥ የለችም። ይህ ስለ እናንተ መሪ አያያዝ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ሃያ ዓመት ከሞያሌ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ ሾፌርና ትናንት ካርዱን የተቀበለ ልጅ በዚህ ሕግ ፊት መነሻቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው የልምድ ማስረጃው ብቻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሀዋሳ ላይ

በኛ አገር መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው በክልል ደረጃ ነው። ሀዋሳ ላይ ደግሞ ይህ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀረው ደቡብ ክልል ራሱ ተከፍሎ ስሙ ከካርታ ወጣ። ስለዚህ ሲዳማ ክልል ከመሆኑ በፊት ሀዋሳ ላይ በወጣ ፈቃድ ላይ ያለው ክልል ዛሬ በዚያ ስም የለም። እዚህ ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ግራ አይጋባም። ቶሮንቶ ወይም በርሊን ያለ የቢሮ ሠራተኛ ግን ሰጪውን መሥሪያ ቤት ፈልጎ ቢያጣው አይፈረድበትም። ፈቃዳችሁ የድሮ ከሆነ ሳትሄዱ አድሱት፣ የማረጋገጫ ደብዳቤም አብራችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤው ላይ ምን እንደተጻፈ ቆማችሁ አንብቡ። ከሁሉ በላይ ፈቃዱ መጀመሪያ የወጣበት ቀን መኖር አለበት። የዕድሳቱ ቀን ብቻ ከተጻፈ አሥር ዓመት የነዳ ሰው የጥቂት ወር ሾፌር መስሎ ይታያል፣ ይህ አንድ መስመር ውጭ ላይ በሺህ የሚቆጠር ብር ልዩነት ያመጣል። ምድቡም በደንብ ይገለጽ። እኛ አውቶ፣ ሕዝብ አንድ፣ ሕዝብ ሁለት፣ ደረቅ አንድ ስንባባል እንግባባለን፣ ውጭ ያለ ሰው ግን ከዚህ ምንም አይረዳም። የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የመቀመጫው ብዛት ወይም የጭነቱ መጠን ቢጻፍ ይሻላል። ለነገሩ በአብዛኛው ቦታ የሚረዳችሁ የአውቶሞቢሉ ልምድ ነው፤ ከባድ መኪና መንዳት የሚፈልግ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሌላ ሥልጠናና ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል።

ቀኑ በኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ከሆነ ትርጉሙ ላይ በፈረንጆቹም መቀመጥ አለበት። ማብቂያው በኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ፈቃድ እዚያ ሲነበብ ከእውነተኛው ቀን ሰባትና ስምንት ዓመት ቀድሞ የሞተ ፈቃድ ይሆናል። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው። ፓስፖርቱና መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል በአንዲት ሆሄ ከተለያየ ሁለት ሰው ተደርጋችሁ ትታያላችሁ። ይህን እዚህ ማስተካከል የአንድ ሰሞን ሥራ ነው። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ግን መከራ ነው።

ከዚያ ሰነዱ ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ የምትሄዱበት አገር ከጠየቀ ደግሞ ኤምባሲው ያየዋል። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለ። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ባለበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ውክልና ይልካል፣ ውክልናው አዲስ አበባ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ዘመድ በስሙ ሀዋሳ ላይ ደብዳቤውን ያስወጣል። ረጅም መንገድ ነው፣ ግን ይሠራል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሳይሠለጥን፣ ሳይፈተን በደላላ ካርድ የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ባይሞክር ይሻለዋል። ውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሰጪውን አካል ይጠይቃሉ፣ መዝገብ ላይ የሌለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ደግሞ የፈቃድ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ወረቀት ችግር ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰው ይሞታል። በዚህ አገር መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሚያልቅ የማያውቅ ቤተሰብ የለም።

ዓለም አቀፍ የሚባለው ፈቃድ

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ማለት የአገራችሁን ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚተረጉም ደብተር ነው። ብቻውን አያስነዳም፣ ዋናው ካርድ አብሮት መኖር አለበት። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1949 የጄኔቫና የ1968 የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ናቸው። በመጀመሪያው የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በሁለተኛው የሚሰጠው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ለጎብኚ ይጠቅማል፤ መኪና አከራዮች የላቲን ፊደል የሌለው ካርድ ሲያዩ ይህን ይጠይቃሉ። ለነዋሪ ግን የአገሩን ፈቃድ አይተካም። በኢንተርኔት ከየትኛውም ቦታ ሆናችሁ ከፍላችሁ የምትገዙት "ዓለም አቀፍ ፈቃድ" ደግሞ ወረቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ትክክለኛው የሚሰጠው ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር፣ ሥልጣን ባለው አካል ነው።

ዱባይ

ልምድ በሰዓት የሚመነዘርበት ቦታ ዱባይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ማሰልጠኛ ይመዘገባል። በተለመደው አሠራር ፈቃድ ኖሮት የማያውቅ ሰው 20 ሰዓት የመንዳት ትምህርት ይወስዳል፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የቆየ የአገሩ ፈቃድ ያለው 15፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ያለው 10። ከላይ ስለ መጀመሪያው ቀን ያሰለቸኋችሁ ለዚህ ነው። ትምህርቱ ውድ ነው፣ ለቤት ሠራተኛና ለጥበቃ ደሞዝ ደግሞ በጣም ውድ ነው፣ እያንዳንዷ ሰዓት ትታሰባለች።

ፈተናው ደረጃ አለው። የዓይን ምርመራ፣ የጽንሰ ሐሳብ ፈተና፣ የፓርኪንግ ፈተና፣ በመጨረሻ የመንገድ ፈተና። የወደቀ ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ፣ እንደገና ከፍሎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ "ወርቃማ ዕድል" የሚባል አሠራር ጀምራለች። ከዝርዝሩ ውጭ ያሉ አገሮች ፈቃድ ያለው ነዋሪ ትምህርት ሳይወስድ በቀጥታ እንዲፈተን ይፈቀድለታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካለፈ ተገላገለ፣ ከወደቀ ወደ መደበኛው ትምህርት ይገባል። የሀዋሳ ሾፌር ይህን ዕድል እንደደረሰ ባያቃጥለው እመክራለሁ። የዱባይ መንገድ ስድስትና ሰባት ረድፍ አለው፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፣ ረድፍ ስትቀይሩ ፈታኙ ስፖኪዮ ማየታችሁን ብቻ ሳይሆን አንገታችሁን አዙራችሁ ማየታችሁን ይከታተላል። በቅድሚያ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጦ መንገዱን ማጥናት ይጠቅማል። ለውጭ ዜጋ የመጀመሪያው ፈቃድ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ሳዑዲ ላይ ሴቶች መንዳት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2018 ነው። እዚያ ለሚሠሩ እህቶቻችን ትልቅ በር ነው፤ የሾፌርነት ሥራ ከቤት ውስጥ ሥራ ሌላ አማራጭ ይሆናል። ቀጠሮውና ክፍያው አብዛኛው አብሸር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ በኩል ያልፋል።

አሜሪካና ካናዳ

አሜሪካ አንድ የመንጃ ፈቃድ ሕግ የላትም፣ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይሰጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ለኛ ሰው ምቹ ናት፣ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። 25 ጥያቄ ነው፣ 20 የመለሰ ያልፋል። ሚኒሶታም በአማርኛ ትፈትናለች። ሜሪላንድ ከ25ቱ 22 ትጠይቃለች። በዚያ ላይ የውጭ አገር ፈቃድ ያለውን ሰው ስለ አልኮልና ዕፅ የሦስት ሰዓት ትምህርት ታስወስዳለች። ቨርጂኒያ ጋ የመንገድ ምልክቶቹ 10 ጥያቄዎች ናቸው፣ አንዱም መሳት የለበትም። አዲስ ነዋሪ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በ60 ቀን ውስጥ ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠበቃል።

የጽሑፉ ፈተና አይደለም የኛን ሰው የሚጥለው። መንገድ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ያውም በልምድ። ሀዋሳ ላይ ከባጃጅና ከብስክሌት መሃል ለመውጣት ጡሩንባ እንነፋለን፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ ብለን ሾልከን እንገባለን፣ ቀድሞ የገባ ያልፋል። አሜሪካ የማቆሚያ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ማንም ባይኖር፣ ሌሊትም ቢሆን። ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ካበራ ከኋላ ያለውም፣ መሃሉ በአጥር ወይም በአካፋይ ባልተለየ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውም ይቆማል። ይህን የረሳ በአንድ ስህተት ፈተናው ያበቃለታል።

ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ደረጃ በደረጃ ትሰጣለች፣ ጂ1፣ ጂ2፣ ከዚያ ሙሉው ጂ። በደረጃዎቹ መካከል የሚጠበቅ ጊዜ አለ፣ ለጀማሪ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልምድ ያለው ሰው ግን ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ካቀረበ ያ ጥበቃ ያጥርለታል። ያ የሀዋሳ ደብዳቤ እንደገና መጣ ማለት ነው።

አውሮፓ

ጀርመን የኢትዮጵያን ፈቃድ ኑሮ ከተመሠረተበት ቀን አንስቶ ለስድስት ወር ትቀበላለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ካርድ የነዳ ያለ ፈቃድ እንደነዳ ይቆጠራል፣ ይህም ወንጀል ነው። ለመለወጥ የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ፣ የጽንሰ ሐሳብና የተግባር ፈተና አለ። ጥሩው ነገር፣ ፈቃድ ስላላችሁ ጀማሪው የሚወስደው የግዴታ ትምህርት አይጫንባችሁም። የፈለጋችሁትን ያህል ሰዓት ብቻ ትወስዳላችሁ፤ ፈተናው ግን በማሰልጠኛ በኩል ነው። ጽሑፉ በጀርመንኛና በ12 ሌሎች ቋንቋዎች ይሰጣል፣ እንግሊዝኛና አረብኛ አሉበት፣ አማርኛ የለም። አረብ አገር ቆይተው ወደ ጀርመን ለተሻገሩ ሰዎች አረብኛው ትልቅ እፎይታ ነው። መብራትና ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ላይ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ መስጠትን እንደ ስማችሁ እወቁ።

ስዊድን ከዚህ ትከብዳለች። ነዋሪነት ከተመዘገበ አንድ ዓመት ካለፈ የኛ ፈቃድ አያገለግልም፣ እንደ ጀማሪ ከመነሻው መጀመር ነው። ከትምህርቱ መካከል በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠርን የሚያሳይ የግዴታ ሥልጠና አለ። በረዶ አይቶ ለማያውቅ የሐይቅ ዳር ልጅ ይህ ትምህርት ሕይወቱን ያተርፋል፣ ክፍያው አያማርረው።

እንግሊዝ 12 ወር ትሰጣለች። ከዚያ የተለማማጅ ፈቃድ ወጥቶ ሁለቱም ፈተና ይወሰዳል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይም በዌልስ ቋንቋ ብቻ ነው፣ 50 ጥያቄ ሆኖ 43 ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ በቪዲዮ አደጋን ቀድሞ የማየት ፈተና አለ። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ የሚነዳው አውቶማቲክ ብቻ ነው። ሀዋሳ ላይ በፍሪሲዮንና በማርሽ የሠለጠነ ሰው በማንዋል ቢፈተን ሁለቱንም ይነዳል፣ ይህን ጥቅም አትልቀቁ። አሜሪካ ለቤት መኪና እንዲህ ያለ ልዩነት የለም።

እንግሊዝ በግራ ነው የሚነዳው። እኛ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ ዞረናል፣ ጎረቤታችን ኬንያና ከእሷ ወዲያ ያለችው ኡጋንዳ ግን በግራው ቀርተዋል። ሀዋሳን አቋርጦ በዲላ በኩል የሚወርደው ያው አስፋልት ሞያሌን ሲያልፍ ጎኑን ይቀይራል። ከኛ አካባቢ ብዙ ወጣት የሚሄድባት ደቡብ አፍሪካም በግራ ናት። እዚያ የሚያስቸግረው ቀጥታው መንገድ ሳይሆን አደባባይና ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፣ በተለይ ማታ፣ ሌላ መኪና በሌለበት ሰዓት።

ወደ ሀዋሳ ለሚመለሱ

የውጭ አገር ፈቃድ ይዞ ለመጣ ሰው ሰንሰለቱ ይገለበጣል። ፈቃዱን የሰጠው አገር ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ ያረጋግጠዋል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀጥላል፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ለበዓል ሁለት ሳምንት ለሚመጣ ሰው ይህ ሁሉ ልፋት አያዋጣም፣ ከሾፌሩ ጋር መኪና መከራየት ይቀላል። ለመኖር የሚመለስ ግን ከመነሳቱ በፊት እዚያው ካለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮ የነዳበትን ዘመን የሚያሳይ መዝገብ ያውጣ፣ የድሮው የሀዋሳ ፈቃድ ካለም አይጣለው። ቢሮው ሲሄድ ሁለቱን አንድ ላይ ይያዝ።