ካታሊስት ምንድን ነው? ኮሚሽን የማይበላው ደላላ

ባለፈው መኪናዬ ጉልበት አጥታብኝ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና «ካታሊስቱ ተደፍኗል፣ እናውጣውና ባዶ ቱቦ እንበይድበት» አለኝ። የሚወጣው ነገር እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ተቀብተዋል።

ካታሊስት በአጭሩ ደላላ ነው። አከራይና ተከራይ ለብቻቸው ቢተዉ ወር ሙሉ ሊፈላለጉ ይችላሉ፤ ደላላ መሃል ሲገባ ግን በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። ካታሊስትም ንጥረ ነገሮችን አገናኝቶ፣ ራሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል። ኮሚሽን አይበላም። የማይሆን ውልም አያስማማም፣ ሊሆን የሚችለውን ነው የሚያፋጥነው። ጭስ ማውጫው ውስጥ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን አግኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው በዚሁ ድለላ ነው።

ጎበዝ ደላላ በአያያዙ ይታወቃል። ላላ አድርጎ ከያዘ ደንበኛው ያመልጠዋል፤ ጨምድዶ ከያዘ ደግሞ ደንበኛው እላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ለሌላ ቦታ የለም። ይህን ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ሳባቲየ ነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት። አዲስ ካታሊስት የሚነድፍ ሰው ዛሬም ጭንቀቱ ይሄው ነው።

ድሮ ንድፍ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም፣ መሞከር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ ሲያወጣ በካታሊስትነት የተጠቀመው ኦስሚየም የሚባል ማዕድን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት የአልዊን ሚታሽ ቡድን ርካሹን ፍለጋ በሺዎች የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ፣ ትንሽ ትንሽ ነገር ጣል የተደረገበት ብረት ላይ ደረሰ። የአሞኒያ ፋብሪካው በ1913 ሥራ ጀመረ። ገበሬያችን የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያ ከአሞኒያ ስለሚሠራ የዚያው ብልሃት ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬም 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀትና ከባድ ግፊት ይፈልጋል።

የሚያበሽቀው፣ ባቄላ ሥር ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ በማሳ ሙቀት ይሠሩታል፤ ናይትሮጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሕይወት ያለው ነገር ራሱ በሚሠራው ካታሊስት፣ መሃሉ ላይ ብረትና ሞሊብዲነም ባለበት። በነጻ ግን አይደለም፣ ባቄላው በስኳር ይከፍላቸዋል። (ኢንዛይም ሩቅ አይደለም፤ የጠላው ብቅል ስታርቹን ስኳር የሚያደርገው በእሱ ነው።) በኤሌክትሪክ ያን ለመኮረጅ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሚወጣው አሞኒያ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ የለኩት ከካታሊስቱ ይሁን ከላቦራቶሪው አየር መለየት ራሱ ፈተና ነው።

ሌላው የንድፍ መንገድ ውዱን ማዕድን መቆጠብ ነው። ፕላቲነሙ የሚቀመጠው በደቃቅ እንክብል መልክ ስለሆነ ሥራ የሚሠሩት ላይኛዎቹ አቶሞች ናቸው፤ ውስጥ ያሉት ቁጭ ብለው ይውላሉ። በ2011 ቻይና ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አቶሞቹን አንድ በአንድ ነጥለው ብረት ኦክሳይድ ላይ አስቀምጠው አሠሯቸው። ጣጣው፣ ሙቀት ሲበዛ አቶሞቹ ተንሸራተው መሰባሰብ ይወዳሉ። ኮምፒውተር ደግሞ የትኛው ማዕድን የትኛውን ንጥረ ነገር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ አስቀድሞ ያሰላል፣ እጩዎችንም ላቦራቶሪ ሳይገቡ ያበጥራል። ግን ብዙ ጊዜ የሚያሰላው ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ገጽን ነው፤ እውነተኛው ካታሊስት እየሠራ መልኩን ይቀያይራል። ለእኔ ትልቁ የቤት ሥራ እዚህ ጋ ነው።

መካኒኩን «አይወጣም» አልኩት። «ቢወጣስ፣ አሮጌው የማን ይሆናል?» ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።