«ጃማይካ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?»

ታሪክ አስተምራለሁ። ጃማይካን ባነሳሁ ቁጥር አንዱ ተማሪ «እነ ቦብ ማርሊ?» ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል። ዘንድሮ ግን ሰለቸኝ፤ ስለ ጃማይካ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልመልስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ራስታን የመሠረተው ቦብ ማርሊ ነው።»
አይደለም። እንቅስቃሴው የተነሳው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ከነገሡ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባኪዎች፣ እነ ሊዮናርድ ሃወል፣ ሲሰብኩ ቦብ ገና አልተወለደም።

«ታሪኳ የሚጀምረው ከኮሎምበስ ነው።»
በ1494 ሲደርስ ታይኖ የሚባሉት የደሴቲቱ ቀደምት ሰዎች እዚያው ይኖሩ ነበር። እንለፈው።

«ታሪኳን የጻፉት ነጮች ናቸው።»
ድሮ፣ አዎ። በ1774 ሦስት ቅጽ ያሳተመው ኤድዋርድ ሎንግ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ጥቁርን ከሰው በታች አድርጎ ነው የጻፈው። በኋላ ግን እንደ ሉሲል ማቱሪን ሜር ያሉ ጃማይካውያን የታሪክ ምሁራን መጡ። የጌቶቹን ወረቀት አገላብጠው በባርነት የኖሩትን ሴቶች ታሪክ ፈልቅቀው አወጡ። በ1960 ደግሞ ራስታዎች ራሳቸው «አጥኑን» ብለው የደሴቲቱን ዩኒቨርሲቲ ደጅ አንኳኩ። የዩኒቨርሲቲው ምሁር ሬክስ ኔትልፎርድና ሁለት ባልደረቦቹ ኪንግስተን ውስጥ ያሉበት ድረስ ሄደው አነጋገሯቸው፤ ዘገባም ጻፉ። ከዚያ ዘገባ የተነሳ ነው በ1961 የጃማይካ ልዑክ አዲስ አበባ ድረስ የመጣው።

«ያልተጻፈ ታሪክ ተረት ነው።»
ደሜን የሚያፈላው ይኸኛው ነው። ይባስ ብሎ የሚሉት የተማሩት ናቸው።

የናኒን ነገር እዩ። ናኒ ከባርነት ያመለጡት የማሩኖች መሪ ነበረች፤ ብሉ ማውንቴን ተራሮች ላይ ሆና እንግሊዞችን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታለች። ዛሬ ምስሏ በጃማይካ 500 ዶላር ኖት ላይ አለ። በ1733 የደሴቲቱ ምክር ቤት መዝገብ አንድ ታማኝ ባሪያ ገደላት ይላል። በቃ፣ ሞተች። በ1741 ግን ያው አስተዳደር «ለናኒና አብረዋት ለሚኖሩት» 500 ኤከር መሬት ሰጠ! ለሙት መሬት ይመራል እንዴ? ወይ የመጀመሪያው ወረቀት ዋሽቷል፣ ወይ ናኒ ሁለት ነበሩ። ወረቀቱ ብቻውን አይፈታውም።

ጃማይካ ውስጥ ሙር ታውን በሚባል መንደር የሚኖሩት ማሩኖች ግን እናታችን ናት ይላሉ። ዘፈኑን፣ የቀንዱን ጥሪ፣ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ቅሪት ይዘው ቆይተዋል፤ ዩኔስኮም በ2003 ይህን ቅርስ አውቆላቸዋል። «ጥይት ትቀልብ ነበር» ሲሉ ታሪክ ጸሐፊው እንዳለ አይውጠውም። አይጥለውምም። ማን ለማን፣ መቼ እንደሚያወራው ይጠይቃል፤ ከዚያ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ሥራው ይኸው ነው።

የእኔዋ አያት በአንድ መዝገብ ላይ ሞተዋል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ባነብላቸው ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ «እና ይሄን ማን አፈላው?» አሉኝ።

ሻሸመኔ ሄዳችሁ የጃማይካ ሽማግሌዎችን ለመቅዳት ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ እባካችሁ በቦብ አትጀምሩ። ከደሴቲቱ የትኛው ሰፈር እንደመጡ፣ ስለ ኢትዮጵያ መጀመሪያ ማን እንደነገራቸው ጠይቁ። ቀኑንና ቦታውን ቅጂው ላይ በድምፃችሁ ተናገሩ። አንዴ ሄዳችሁ አትቅሩ፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው በሦስተኛው ጉብኝት ነው። ዓመት ቢሳሳቱም አታርሟቸው፤ ዓመቱን ከወረቀት ታገኙታላችሁ።