«የመዓዛ ደፍ» ምን ማለት ነው?

የጽጌረዳ ዘይት በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሲመረመር፣ መሣሪያው ተናኝ ውህዶቹን ለያይቶ ድርሻቸውን በመቶኛ ያሳያል፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ይህ መቶኛ የመጠን እንጂ የመዓዛ ኃይል መለኪያ አለመሆኑ ነው። ደፍ የበር መግቢያ እንደሆነ ሁሉ፣ የመዓዛ ደፍም አፍንጫችን አንድን ውህድ ማሽተት የሚጀምርበት ዝቅተኛው መጠን ነው። በቡልጋሪያ ጽጌረዳ ዘይት ሲትሮኔሎል የተባለው ውህድ 38 በመቶ ገደማ ሲይዝ፣ ቤታ-ዳማሴኖን የተባለው ሌላው ውህድ 0.14 በመቶ ብቻ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው በውኃ ውስጥ ለመሽተት ከቢሊዮን 40 እጅ ሲያስፈልገው፣ ለሁለተኛው 0.009 እጅ ይበቃዋል። ድርሻቸውን ለደፋቸው ስናካፍል፣ በመሣሪያው የመቶኛ ሰንጠረዥ ላይ ለዓይን የማይሞላው ቤታ-ዳማሴኖን ሲትሮኔሎልን በመዓዛ ኃይል 16 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ ይህ በእውነት ያስደንቃል። አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች በመሣሪያው መውጫ ላይ የሚያሸት ባለሙያ የሚያስቀምጡትም ለዚሁ ነው።