የማህበረሰብ ጋዜጣ ምንድን ነው? ገጠር ላይስ ማን ይፅፈዋል?

ብዙ ሰው የማህበረሰብ ጋዜጣ ሲባል ትንሽዬ ጋዜጣ ይመስለዋል፣ ገፁ ያነሰ፣ ብር የሌለው፣ ከዋና ከተማ ራቅ ብሎ የሚታተም ምናምን። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ፀሃፊውም አንባቢውም የዛው አካባቢ ሰው ሲሆን፣ "የዚ ሳምንት ዜና የቱ ነው" የሚለውን ደግሞ ሩቅ ቢሮ የተቀመጠ ኤዲተር ሳይሆን እዛው የሚኖሩት ሲወስኑ፣ ያ ጋዜጣ የማህበረሰብ ጋዜጣ ነው። ማን ያሳትመዋል፣ ማህበር ነው ወይስ ድርጅት፣ በሳምንት ነው በወር የሚለው እንደየቦታው ይለያያል።

ልዩነቱ የሚገባችሁ የትልቁ ሚዲያ ሪፖርተር ገጠር የሚወርደው መቼ እንደሆነ ስታስቡት ነው። ድርቅ ሲገባ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ወይ ባለስልጣን ሊያስመርቅ ሲሄድ አብሮ በመኪናው። ገበሬው ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወይ ተርቦ ነው ወይ ሞዴል ገበሬ ተብሎ ተሸልሞ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ኑሮ የለም። የውሃ ፓምፑ ከተሰበረ ወራት አልፎታል፣ አስተማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ የቀን ስራ የሰሩት ሰዎች ስማቸው መዝገብ ላይ ተከፈላቸው ተብሎ ሰፍሯል እነሱ ግን ብሩን አላዩትም። እነዚ ለከተማው ጋዜጣ ወሬ ናቸው፣ ለዛ ቀበሌ ግን የፊት ገፅ ዜና ናቸው።

እኛ ጋር ማህበረሰብ ሚዲያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሬዲዮ ነው፣ ልክም ነው፣ ሬዲዮ ማንበብ አይጠይቅም፣ እርሻ ላይ ሆኖም ይሰማል። ወረቀት ግን ሬዲዮ የሌለው አንድ ጉልበት አለው፣ አይጠፋም። አጥፈህ ኪስህ ትከተውና ቢሮ ገብተህ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ "ይኸው ተፅፏል" ትላለህ። ኃላፊው የሬዲዮውን ፕሮግራም አልሰማሁም ሊል ይችላል፣ ፊቱ የተዘረጋውን ወረቀት ግን አላየሁም ማለት ይከብደዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አፍሪካ ውስጥ ስሙ ቶሎ የሚነሳው የማሊው ኪባሩ ነው፣ በፈረንጆቹ 1972 በዩኔስኮ እርዳታ በባምባራ ቋንቋ የተጀመረ የገጠር ጋዜጣ። መነሻው ቀላል ጥያቄ ነበር፣ ጎልማሶች በቋንቋቸው ማንበብ ተማሩ እሺ፣ ከዛስ ምን ያንብቡ? በፈረንሳይኛ የሚታተመው ለነሱ ምናቸውም አይደለም። ማሊም ኢትዮጵያም ህንድም ዩኔስኮ በዛን ሰሞን በ11 አገሮች በሞከረው የጎልማሶች የማንበብና መፃፍ ፕሮግራም ውስጥ ነበሩበት። ጥያቄው እኛንም ያውቀናል፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሰረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ስንቱ አርሶ አደር ፊደል ቆጠረ፣ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋ ተሰጠ፣ ከውጭም ሽልማት መጣ፣ ግን ፊደል የቆጠረ ሰው በየጊዜው የሚያነበው ነገር እጁ ካልገባ ይረሳዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ስም መፈረም ብቻ ይሆናል።

እኔ ግን ሃሳቡን ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው ካባር ላሃሪያ የሚባለው የህንድ ጋዜጣ ነው ባይ ነኝ። ቦታው ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ ቺትራኩት የሚባል አውራጃ ነው፣ ቡንደልካንድ በሚሉት ደረቅ አካባቢ፣ ውሃ የሚቸግርበት፣ ሽፍቶች ለዘመናት የተመላለሱበት፣ ካስት የሚሉት የዘር ደረጃ ደግሞ ማን ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሳይቀር የሚወስንበት አገር። እዛ በ2002 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚ በታች ያሉት የውጭ አገር አመቶችም እንዲሁ) የአካባቢው ሴቶች ቡንደሊ በሚባለው በራሳቸው ቋንቋ ጋዜጣ ጀመሩ። ብዙዎቹ ዳሊት ናቸው፣ ማለት ድሮ "አይነኬ" ተብለው ከሰው ሁሉ በታች የተደረጉት፣ ሙስሊሞችና ከሌሎች የተገፉ ማህበረሰቦች የመጡም ነበሩበት። አንዳንዶቹ ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፣ ከመስራቾቹ አንዷ የሆነችው ካቪታ ዴቪ ራሷ ገና ልጅ ሳለች ተድራ በኋላ ነው ፊደል የቆጠረችው።

አጀማመሩ ደግሞ በጣም ደስ ይላል። ከዛ አስር አመት ግድም ቀደም ብሎ ማሂላ ሳማክያ የሚባል የመንግስት የሴቶች ትምህርት ፕሮግራም እዛ አካባቢ ሴቶችን የእጅ ፓምፕ ጥገና አስተማረ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት፣ ሲሰበር መካኒኩ ወንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ዳሊት ሰፈር ለመሄድ አይቸኩልም፣ ስለዚ ሴቶቹ ራሳቸው መፍቻ ይዘው ወጡ። ስራውን ሲይዙት ግን መዝገብ መሙላት፣ የመለዋወጫ ስም ማንበብ መጣ፣ እነሱም እንማር አሉ። ከዛ የትምህርት ካምፕ ውስጥ በ90ዎቹ ማሂላ ዳኪያ የምትባል ቀለል ያለች ጋዜጣ ቢጤ ወጣች፣ ሴቷ ፖስተኛ እንደማለት። እሷ ስትቆም ሰዉ ጋዜጣችን የት ሄደ ማለት ጀመረ፣ ኒራንታር የሚባል ደልሂ ያለ የሴቶች ትምህርት ድርጅት ደግሞ ደግፏቸው ካባር ላሃሪያ ተወለደ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፣ መጀመሪያ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ፊደል፣ ከዛ ጋዜጣ። ብዙ ፕሮጀክት ግን ከጋዜጣው ይጀምርና አንባቢ ፍለጋ ይወጣል።

አሁን ወደ ስልጠናው ልምጣ ምክንያቱም የማህበረሰብ ጋዜጣ የሚሞተውም የሚድነውም እዚ ጋ ነው። ስልጠና ሲባል እኛ የለመድነው ሆቴል አዳራሽ፣ አምስት ቀን፣ አበል፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ ነው። በዛ ሪፖርተር አይወጣም። የሚያስኬደው መንገድ ሰልጣኟ ፅፋ ትመጣለች፣ ኤዲተሩ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እየጠየቃት አብረው ያስተካክሉታል፣ እትሙ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ደግሞ እንደገና፣ እንዲህ እያለ አመት ሁለት አመት ይሄዳል። ማን ምን የት መቼ እንዴት ለምን የሚለውን በአንድ ቀን ማስተማር ይቻላል፣ ዋናው ግን ሌላ ነው።

አንደኛ አዲስ ፀሃፊ ሁሉ አቤቱታ ነው የሚፅፈው። ገጠር ላይ ሰው የሚያውቀው ፅሁፍ ማመልከቻ ስለሆነ "የሚመለከተው አካል አይቶ መፍትሄ እንዲሰጠን" ብሎ ይዘጋል። ከዛ ወደ ዜና ማውጣት ትልቅ ስራ ነው፣ ምክንያቱም "ተበደልን" የሚለውን ወደ "ስንት አባወራ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ውሃ ለመቅዳት አሁን ስንት ሰአት ይሄዳሉ፣ ቢሮው ሲጠየቅ ምን አለ" መቀየር ማለት ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ ከሁሉም ትከብዳለች። ቢሮ ገብታ፣ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ፣ ኃላፊውን በስሙ ጠርታ ጥያቄ መጠየቅ፣ በተለይ በዛ አካባቢ ከላይኛው ካስት ሰው ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ለዳሊት ሴት እንደ ድፍረት የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ይሄ በቃል አይሰለጥንም፣ አብሮ ሄዶ ነው። ህንድ በ2005 መረጃ የማግኘት መብት ህግ አውጥታለች፣ ሰነድ በፅሁፍ ጠይቀው ማግኘት ይችላሉ፣ ለእንደዚ አይነት ሪፖርተር ትልቅ መሳሪያ ነው። (እኛም አዋጅ 590/2000 ላይ የመረጃ ነፃነት አለን፣ ስንቱ ጋዜጠኛ ማመልከቻ ፅፎ ጠይቆበታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።)

ሁለተኛው ማጣራት ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር ወሬው ቀድሞ ደርሷል፣ ሪፖርተሯም የአንዱ ወገን ዘመድ ናት። ይሄን ለማስረዳት የውጭ ቴክስትቡክ አያስፈልግም፣ አፋሮች ዳጉ የሚሉት የዜና መለዋወጫ ልማድ አላቸው፣ ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው ዜና ሲለዋወጡ ሰሚው "አየህ ወይስ ሰማህ፣ ከማን ሰማህ" ብሎ ይጠይቃል፣ የውሸት ዜና ያመጣ ሰው ደግሞ አመኔታውን ያጣል። የገጠር ጋዜጣ ስልጠና ያንን ልማድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ማለት ይቻላል፣ ምንጩን ጥቀስ፣ ያላየኸውን አየሁ አትበል፣ የተከሰሰውንም ሄደህ ጠይቀው፣ የአጎትህ ልጅ ቢሆንም።

ሦስተኛ ቋንቋ። ቡንደሊ ሰው የሚያወራው እንጂ ትምህርት ቤት የሚፃፍ ቋንቋ አይደለም፣ ዴቫናጋሪ በሚባለው የሂንዲ ፊደል እንዴት ይፃፍ፣ የየትኛው ሰፈር አነጋገር ይወሰድ የሚለውን ሪፖርተሮቹ እየተከራከሩ ነበር የሚወስኑት። የተማረ ሰው ሲያየው ያልተጣራ ይመስለዋል፣ ገና ማንበብ ለጀመረ ሰው ግን አፉ የሚያውቀውን ቃል ወረቀት ላይ ሲያገኘው ነው ንባብ የሚቀልለው፣ ፎንቱም ጎላ ማለት አለበት፣ ፎቶውም ግልፅ፣ አረፍተ ነገሩም አጠር ያለ። እኔ አሁን እንደፃፍኩት ረጅም አይደለም ማለት ነው ሃሃ።

ስርጭቱስ? ራሳቸው ሪፖርተሮቹ ነበሩ ተሸክመው መንደር ለመንደር በጥቂት ሩፒ የሚሸጡት። ይሄ የብር እጥረት ያመጣው ቢመስልም ጥሩ ጎን አለው፣ ባለፈው የፃፍሽው ስህተት ነው የሚል ሰው እዛው ፊት ለፊት ያገኝሻል፣ አዲስ ዜናም እግረ መንገድ ይመጣል። አንዱ የሚያነብ ጮክ ብሎ ያነባል ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ለዛ ነው በ2012 አካባቢ የሚታተመው 6,000 ኮፒ ግድም ሆኖ የአንባቢው ግምት 80,000 ይባል የነበረው። በዛን ጊዜ አዋዲን፣ ቦጅፑሪንና ባጂካን በመሳሰሉ ቋንቋዎችም እትም ነበረው፣ ሴቶቹም 40 አካባቢ ደርሰው ነበር። በ2009 የዩኔስኮን የንጉስ ሴጆንግ ሽልማት አግኝተዋል፣ ለማንበብና መፃፍ ስራ የሚሰጠውን።

አደጋውን ሳልናገር ባልፍ ግን ልክ አይሆንም። የከተማ ጋዜጠኛ ህገወጥ ማእድን ስለሚቆፍረው ሰውዬ ፅፎ ይመለሳል፣ እነዚህ ግን ነገ ጠዋት ገበያ ላይ ያገኙታል። በ2015 አንድ ሰው ለወራት እየደወለ ሲሳደብና ሲያስፈራራቸው ፖሊስ ጋር ተመላልሰው ሰሚ አጡ፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ታሪኩን ፅፈው አወጡት፣ ነገሩ በአገር ደረጃ ሲሰማ ነው ሰውዬው የተያዘው። ስለዚ ስልጠና ውስጥ ማን ጋ ትደውያለሽ፣ ብቻሽን የት አትሄጂም፣ ስምሽ ይውጣ አይውጣ የሚለውም መግባት አለበት። እነሱ መጀመሪያ ላይ በየፅሁፉ ስር የፀሃፊዋን ስም ሳይሆን የጋዜጣውን ስም ቢያስቀድሙ እኔ አልፈርድባቸውም።

ብሩ ላይ ደግሞ ማንም አይዋሽ፣ የገጠር ጋዜጣ በሽያጭ አይኖርም። የሰፈር ሱቅ ማስታወቂያ ወረቀቱን እንኳ አይሸፍንም፣ የመንግስት ማስታወቂያ ከወሰድክ ስለመንግስት ቢሮ ስትፅፍ እጅህ ይከብዳል፣ የእርዳታ ድርጅት ብር ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ ብዙ የገጠር ጋዜጣ የሞተው በዚ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2002 በህግ አንድ ተቋም አቋቁማ ለማህበረሰብ ሚዲያ ድጎማ ትሰጣለች፣ ከመንግስትም ከትልልቆቹ ሚዲያዎችም በሚዋጣ ብር፣ ከማውቃቸው መንገዶች የተሻለው ይሄ ይመስለኛል፣ ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም።

ካባር ላሃሪያም ህትመቱን በ2015 እና 2016 አካባቢ አቁሞ ወደ ስልክና ቪዲዮ ዞሯል። ሪፖርተሮቹ ስማርትፎን ይዘው ነው የሚወጡት፣ በ2022 ለኦስካር የታጨ ዶክመንተሪ ተሰርቶላቸው በአለም ሁሉ ታወቁ (እነሱ ራሳቸው ፊልሙ የስራችንን አንድ ገፅታ ብቻ ነው ያሳየው ብለው ቅሬታ አሰምተዋል፣ ስለራሳቸውም ቢሆን የተሰራውን ዝም ብለው አለመቀበላቸው ደስ ብሎኛል)። ተመልካቹ ከወረቀቱ ዘመን ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ሰፍቷል። ግን እዛ ገጠር ብዙ ቤት ስልኩ ያለው ባልየው ወይ ወንድ ልጁ ጋር ነው። ወረቀቷን ሚስትየውም አጥፋ ታስቀምጣት ነበር፣ ቪዲዮውን ግን ስልኩን ካልሰጧት አታየውም። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር እንጀምር ለሚሉ ሰዎች፣ እዚም ይሁን ሌላ አገር፣ ከፌስቡክ ፔጁ በፊት በዛ ቀበሌ ስልክ ማን እጅ እንዳለ ዞሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ መልሱ "ወንዶቹ ጋር" ከሆነ በወር አንዴ የምትወጣ ፊትና ጀርባዋ የታተመ አንድ ወረቀት ከፔጁ ጎን መቀጠል አለባት፣ ብሩም ከመጀመሪያው በጀት ላይ ይያዝላት።