«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች»፦ ከጤፍ ቤት እስከ ቅሪተ አካል ቁፋሮ

አባባሉ የእህል ቤት ልጅ ነው። ጤፍ ሲሰፈር እጁ የፈጠነ መሬት ላይ ይበትናል። ደሴ ገበያም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የፈሰሰው የሚታፈሰው ከነአፈሩ ነው። ቢነፋም ቢንገዋለልም፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ አሸዋ ወንፊቱን አብራ ታልፍና እንጀራ ላይ ጥርስ ያገኛታል። ችኮላ ሥራን ሁለት ጊዜ ያሠራል፣ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው አይጠራም ማለት ነው።

ቅሪተ አካል ፍለጋ ላይ አባባሉ ከማጀትም ይልቅ ይከብዳል። የጦሳን ተራራ ጨምሮ የደሴ ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው፤ እዚያ አጥንት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ሲወረድ ግን ጥንታዊ ሐይቅና ወንዝ የተዉት ደለል ይገኛል።

ከደለሉ ብቅ ያለ አጥንት ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ ስንጥቅጥቅ ነው። ከሳቡት ጫፉ እጅ ላይ፣ ቀሪው መሬት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ አፈሩ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። አጥንቱ ሲደርቅ በአሴቶን (ሙጫ በሚያሟሟና ቶሎ በሚተን ፈሳሽ) የቀጠነ ሙጫ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ሙጫው ከወፈረ ላዩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ይቀራል፣ ውስጡ ግን እንደተፈረካከሰ ነው። አጥንቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሙጫው ይነጣል እንጂ አይሰርግም። ቀጥሎ በረጠበ ሶፍት ይሸፈንና በጀሶ የተነከረ የጆንያ ቁራጭ ይጠቀለልበታል። ሶፍቱን የዘለለ ሰው ጀሶውን ሲያነሳ የአጥንቱን ገጽ አብሮ ይልጠዋል።

እዚህ ግን አባባሉ ላይ አንድ ቅሬታ አለን፤ ለቃሚን ሁሉ ችኩል ያደርጋል። ሜዳው ላይ አፍሳሹ ብዙ ጊዜ ዝናብ ነው። ጎርፍ ቁልቁለቱን ሸርሽሮ አጥንቱን ይሰባብራል፣ ስብርባሪውንም ወደ ታች ይበትናል። ድንቅነሽ (ሉሲ) እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ የቁልቁለቱ አፈር ለሳምንታት ተነፍቶ በመቶዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ተለቅሟል፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘው በዚህ ነው። እዚያው አፋር፣ ዲኪቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገኘችው ሰላም የተባለች የሕፃን ቅሪተ አካል ደግሞ በጠንካራ አሸዋ ድንጋይ ተይዛ ስለነበር፣ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ፍሬ በፍሬ መልቀም ዓመታት ወስዶ ግኝቱ ለዓለም የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።