ለቅሶው በሱሳ፣ ቅጥሩ በኢየሩሳሌም፦ ከአገልግሎት ጉዞ መልስ ስለሚጀመር በጎ ሥራ

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ወደ ሌላ አገር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ሄዶ የተመለሰ ምእመን ብዙ ጊዜ ልቡ ተነክቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው ፈተና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሥራና የኑሮ ሩጫ ሲይዘው ሸክሙን ቀስ በቀስ መርሳት ነው። ሌላው ደግሞ በሞቀ ስሜት ቸኩሎ ስም ማውጣት፣ ማኅተም ማስቀረጽና ገንዘብ መሰብሰብ ነው። የነህምያ መጽሐፍ ከሁለቱም ያድናል፤ ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠን ብንማር ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም።

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በባዕድ አገር፣ በሱሳ ግንብ ሳለ፣ በካሴሉ ወር ነው። ለንጉሡ ለአርጤክስስ የተናገረው ግን በኒሳን ነው። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ። በእነዚያ ወራት አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ ምን እንደሚለምን ሲጠይቀው ታዲያ የሚመለስበትን ጊዜ፣ በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የሚጻፈውን ደብዳቤ፣ ከዱር ጠባቂው ከአሳፍ የሚወስደውን እንጨት፣ እንጨቱ ለየትኛው በር እንደሚውል ሳይቀር ያውቅ ነበር። ጸሎቱ ዝርዝር ዕቅድ ወልዷል። ከጉዞ የተመለሰ ሰውም ቢያንስ ይህን ያህል ወር ይታገሥ፤ ያየውን ይጻፍ፣ ይጸልይበት፣ ከሁሉ በላይ ግን ያየው ችግር ከምን እንደመጣ ይጠይቅ።

ምክንያቱን መጠየቅ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ስኮት ሃሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኒው ዮርክ የምሽት ክበቦች ድግስ እያዘጋጀ ወደ አሥር ዓመት ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መርሲ ሺፕስ በተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት የሆስፒታል መርከብ ላይ በፎቶግራፍ አንሺነት ሊያገለግል ወደ ላይቤሪያ ሄደ። በመርከቡ ላይ የሚታከሙትን ሕሙማን ብቻ አይቶ አልቀረም፤ በየመንደሩ ሰው የሚጠጣውን የቆሸሸ ውሃ አየ፣ ብዙው በሽታ ከየት እንደሚመጣም ተረዳ። ተመልሶ በ2006 ቻሪቲ ዋተር የተባለውን ንጹሕ ውሃ የሚያቀርብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲመሠርት በልደቱ ቀን የመጡ እንግዶች እያንዳንዳቸው 20 ዶላር ሰጡ፤ 15,000 ዶላር ተሰበሰበ። ገንዘቡ በሰሜን ዩጋንዳ ቦቢ በተባለ የተፈናቃዮች መጠለያ ሦስት አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ሦስት የተበላሹትን አስጠገነ። ድርጅቱ በኋላ ወደ አገራችንም ገብቶ በትግራይ ብዙ የውሃ ሥራ ሠርቷል።

እነዚያን ሦስት ጥገናዎች ልብ በሉልን። ነህምያም አዲስ ከተማ አልቆረቆረም፤ የፈረሰውን ጠገነ። ወደ አንድ ወረዳ ለመርዳት የምትሄዱ ከሆነ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ቆሞ የቀረ ፓምፕ ስንት አላችሁ? ለምንስ ቆመ?" የሚል ይሁን። ጥገና በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው ያጠጣል። የምረቃ ሪባን ስለሌለው ብቻ ለጋሽ ሲሸሸው ማየት ያሳዝናል።

ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሌሊት ተነሥቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፍ እስከሚያቅተው ድረስ ፍርስራሹን መረመረ። በውሃ ሥራ ይህ ምርመራ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ወቅቱን መምረጥ ነው። ክረምቱ እንደወጣ በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ቅርብ ስለሚገኝ ያታልላል፤ ሚያዝያ ላይ ይነጥፋል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ የከርሰ ምድሩ ውሃ በሚርቅበት በበጋው መጨረሻ መቆፈር አለበት። ቀጥሎ የውሃው ምርመራ ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ቦታ ብዙ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያጠፋም። ስለዚህ ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት ናሙናው ላቦራቶሪ ይግባ። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የከብቶች ገንዳም ከአጥሩ ውጭ፣ ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሠራ።

ስለ ፓምፑ ምርጫም እንናገር፤ ብዙ በጎ ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራል፤ ዘንጎቹንና ፒስተኑን ቱቦው ሳይወጣ በእጅ ስቦ ማውጣት ስለሚቻል የመንደሩ ሰው ራሱ ይጠግነዋል። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ ጎማና የእጀታው ቡሾች (እጀታው የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጡ። በሌላ በኩል የብረት ቱቦ ያላቸው ፓምፖች አሲድነት ባለው ውሃ ይዝጋሉ፤ ውሃው ይቀላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ እናቶችም ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። መለዋወጫው በቅርቡ ከተማ የማይገኝ ፓምፕ ከውጭ በስጦታ ቢመጣ እንኳ አትቀበሉ። መጠኑን በተመለከተ፣ በእርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመዘኛ አንድ የእጅ ፓምፕ ከ500 ሰው በላይ እንዳያገለግል፣ ከቤት እስከ ውሃው ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርስ ይላል። ስድስት ነፍስ ላለው ቤት ይህ በቀን አራት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

ከምርመራው በኋላ ነህምያ ሕዝቡን ጠርቶ አብረን እንሥራ አለ። ምዕራፍ 3ን ስማቸው የበዛ ብላችሁ አትዝለሉት። ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ሠሩ፤ ወርቅ አንጥረኛውና ሽቶ ቀማሚው ሠሩ፤ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሐ ታላላቆች ደግሞ እምቢ አሉ። እምቢ የሚል ቢኖርም ሥራው አልቆመም፤ በ52 ቀን አለቀ። የውሃ ኮሚቴም እንዲሁ ከቁፋሮው በፊት ይመረጥ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው፣ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ወረፋውን የሚቆሙት፣ ፓምፑ መክበዱን ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ገንዘብ ያዥዋ ሴት ብትሆን እንመርጣለን። የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ የየቤቱ መዋጮ መግባት ሳይጀምር ቆፋሪ አይጠራ። መዋጮው አነስተኛ ይሁን እንጂ ይኑር፤ ከዜሮ የጀመረ መንደር የመጀመሪያው ጎማ ሲያልቅ ለጋሹን ይጠብቃል።

ነህምያ አሥራ ሁለት ዓመት ሲገዛ የገዢነት ቀለቡን አልበላም፤ ሸክሙ በሕዝቡ ላይ ከብዶ ነበርና። ዛሬ በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ለአማኝ ግን ሕጉ ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም። ጳውሎስም የአብያተ ክርስቲያናትን ስጦታ ሲያደርስ ብቻውን አልያዘውም፤ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አብሮ ላከ። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ። በውጭ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ አዲስ ድርጅት ለማስመዝገብ አትቸኩሉ። የየአብያተ ክርስቲያናቱ የልማት ኮሚሽኖች ፈቃድ፣ ባለሙያና የዓመታት ልምድ አላቸው፤ የመጀመሪያውን ሥራ ከእነርሱ ጋር ሥሩ።

ጸንቶ መቆየት ራሱ ምን እንደሚያስከፍል ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1959 የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ለሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ መጡ፤ በፌስቱላ (ከረጅም ምጥ የተነሣ ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣ ጉዳት) የተጎዱ እናቶችን አዩ፤ የራሳቸውን ሆስፒታል የከፈቱት በ1974 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሕሙማኑን እያከሙ፣ የቀዶ ሕክምናውን መንገድ እያሻሻሉ ቆዩ። ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስም እዚሁ ኖሩ።

ሁሉም እንዲህ መቆየት አይችል ይሆናል። ሥራው ከተመረቀ በዓመቱ ግን አንድ ሰው፣ ቀጠሮ ሳይሰጥ፣ በማለዳ ወደ ፓምፑ ይሂድ። ከመጀመሪያው ስበት እስከ ውሃው መውጣት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይቁጠር፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይለካ፣ የገንዘብ ያዥዋን ደብተር ከባንክ ደብተሩ ጋር ያስተያይ፣ ጎማው መቼ እንደተለወጠ ይጠይቅ፣ የወረፋውን የመጨረሻ ሴት "እህቴ፣ ትናንት ውሃ አግኝተሽ ነበር?" ይበላት።