ቆሼ (ረጲ)፦ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ

ቆሼ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጲ የሚባለው፣ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረ ስፍራ ነው። ከመሀል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው። ስሙ የወጣው "ቆሻሻ" ከሚለው ቃል ሲሆን ዛሬ አካባቢው በሙሉ በዚሁ ስም ይጠራል።

ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጪ ገጠር ነበር። በደርግ ዘመንም አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ከበበችው። ዛሬ ቆሼን ከመኖሪያ ቤት አጠገብ አስቀመጡት ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ መጀመሪያ የነበረው ክምሩ መሆኑን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል ቦታው ሲመረጥ ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍም ሆነ የጋዝ ማስወጫ አልተሠራለትም። የኋላው ችግር ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

የሥራው ሰንሰለት የሚጀምረው ከየቤቱ ደጃፍ ነው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና እናቶች ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሰብስበው በጋሪ እየገፉ ወደ ገንዳ ያደርሳሉ፤ ክፍያው ከውኃ ሂሳብ ጋር ተደርቦ ከነዋሪው ይሰበሰባል። ገንዳው ሲሞላ መኪና አንስቶ ወደ ቆሼ ይወስደዋል። እዚያ ሚዛን ላይ ያልፋል፣ የሚደፋበት ቦታ ይታይለታል፣ ዶዘር ይበትነዋል፣ ይጠቀጥቀዋል። የማስወገጃ ስፍራ ኃላፊ ጭንቀቱ ከሽታው ይልቅ ውኃ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትራፊ በመሆኑ እርጥብ ነው፤ ክረምት ሲገባ ክምሩ ይከብዳል፣ መንገዱ ይላቁጣል፣ የተጫነ መኪና እስከ ጎማው ይሰምጣል። በጋ ሲሆን ደግሞ ከውስጥ የሚብላላው ጋዝ እሳት ይይዝና ለቀናት ይጨሳል። በዝናብም በጭስም መኪና አስተናግደው የሚያሳልፉት የቦታው ሠራተኞች ውለታቸው በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ሳይጻፍ የቀረ ነው።

ከሠራተኞቹ ጎን ለጎን በመቶዎች የሚቆጠሩ ለቃሚዎች ኖረውበታል። መኪናው ጀርባውን ሲያነሳ ወደ ጎን ፈንጠር ብለው ይቆማሉ፤ እንደተደፋ በብረት መንጠቆ ጫር ጫር እያደረጉ ሃይላንዱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ፣ ጫማውን ለብቻ ይለያሉ። ለከተማዋ መልሶ መጠቀም የእነሱን ያህል የሠራ አካል ያለ አይመስልም።

በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጣ። ቆሼን የሚተካ ዘመናዊ ማስወገጃም በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ አጠገብ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ወራት ሳይቆይ የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታው አስመረረን፣ ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው በመቃወማቸው በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። ገንዳዎች ሞልተው ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቁፋሮው ቀናት ፈጀ፤ ቤተሰቦች የሚወጣውን አስከሬን እየጠበቁ ከዳር ቆመው አደሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ስለ መንስኤው ነዋሪዎች አንድ ቃል አልነበራቸውም፦ ከላይ ሲደለድል የነበረውን ዶዘርና በአጠገቡ ይሠራ የነበረውን ግንባታ የሚያነሱ አሉ፤ በባለሥልጣናት በኩል ደግሞ የለቃሚዎች ቁፋሮ ክምሩን አላልቶታል ተብሏል። መንስኤው ይህም ይሁን ያ፣ ተዘግቶ የነበረ ክምር ላይ እንደገና መደፋቱ ጭነቱን እንዳባሰው ግልጽ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚያው ግቢ አጠገብ የረጲ ከደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ሲሆን ባለቤቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እርጥብ ቆሻሻ ለመንደድ ስለሚያስቸግር፣ ከየቤቱ ለይቶ የማውጣት ጉዳይ ለማመንጫውም ወሳኝ ሆኗል። በክምሩ ላይ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ ተሞክሯል፦ ተዳፋቱ ተስተካክሎ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይቀበራሉ፤ ፍሳሹ በእነሱ ይወርዳል፣ አየር ደግሞ በእነሱ ይገባል፣ የታመቀውም ጋዝ ይቀንሳል። ከሩቅ የሚታዩት ከክምሩ ቀጥ ብለው የወጡ ቱቦዎች የዚሁ ሥራ ናቸው።